በሚስቱ ዳሌ የቀና ሰው

በሚስቱ ዳሌ የሚቀና አንድ ሰው ነበረ። ይህን የምነግርህ፣ ሻረው፣ «ቅናት የፍቅር ምልክት ነው ወይስ አይደለም?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው። ነገሩ ከባድ ነውና ሳትስቅ ስማኝ።

ሰውየው ሞኝ አልነበረም። በሬውን ያውቃል፣ እርሻውን ያውቃል፣ ሸንጎ ላይም ቃሉ ይሰማል። ሚስቱ ስትራመድ ግን ዳሌዋ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ እሱም ከኋላ ሆኖ እያየ «ወዲህ ያለውስ ለእኔ ይሁን፤ ወዲያ ያለው ለማን ነው?» ይል ነበር። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ ግን አልተገኘለትም፤ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ እንቅልፍም ያጣል። እያደር በመቀነቷም ይቀና ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ ወገቧን አቅፎ ስለሚውል። በእንስራዋም ቀና፤ ጀርባዋ ላይ ተደላድሎ ስለሚሄድ። ጎረቤቱ «እንደምን ዋላችሁ» ሲላቸው እንኳ «በአፉ ዋላችሁ አለ፤ በዓይኑ ግን ዋልሽ ነው ያለው» ይላት ነበር።

ሚስቱ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ሳቂታ ሴት ነበረች።

«እና እንዴት ልሂድልህ?» አለችው አንድ ቀን።

«እንደ ጨዋ ሰው።»

«ጨዋ በምኑ ይሄዳል?»

«በእግሩ! በእግሩ ብቻ!»

«እግሬ እኮ ከዳሌዬ ነው የበቀለው። ከጉልበቴ ጀምሮ አልተሠራሁም» አለችና ሳቀች። እሱ ግን ይህችን ሳቅ ለማን ብላ እንዳጠራቀመቻት ያሰላስል ነበር።

በመጨረሻ «ወጌሻ ዘንድ ወስጄ ዳሌሽን አሳስረዋለሁ» አላት። ይህን ጊዜ አልሳቀችም። «መታሰሬን ካየሁ መኖሪያዬ አባቴ ቤት ነው» አለችው። እሱም በልቡ «ከታሰርሽ በምንሽ ትሄጃለሽ?» አለ። ብዬሃለሁ፤ ሞኝ አልነበረም።

ወጌሻው የተሰበረውን በቀርክሃ ሲያስር፣ የወለቀውን ሲመልስ ያረጀ ሽማግሌ ነበር። ባልየው ሚስቱን ደጅ አቁሞ ገብቶ የነገረውን ሰምቶ ጺሙን ዳበሰና ቀኝ እጁን ጨብጦ ግራ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠው።

«ልጄ፣ ይህ የጭን አጥንት ራስ ነው፤ ክብ ነው። ይህ ደግሞ የዳሌ አጥንት ነው፤ እንደ ዋንጫ ጎድጉዶ ይቀበለዋል። ጭን የሚዞረው እዚያ ውስጥ ነው። አንዱን እግር ስታነሳ ሸክምህ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ዳሌህ ወደ ቆመው እግር ካላጋደለ ትገለበጣለህ። የሴት ሰፋ ያለው ደግሞ የልጅ በር ስለሆነ ነው።»

ሰውየው ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንዲት ቃል ያዘ። «በር? በር ከሆነማ ይቆለፋል!»

ወጌሻው ቀርክሃውንና ጨርቁን አወጣ። ሰውየው ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ «እጅዎን እንዳያሳርፉባት!» ብሎ ጮኸ።

«ሳልነካ እንዴት ላስር?»

«እኔን ያስተምሩኝ፤ ቤት ስንገባ እኔ አስራታለሁ።»

«በማን ገላ ላስተምርህ?»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ሌላ የሚያምነው ገላ አልነበረም። «በእኔ» አለ።

«እንግዲያው ቀና በል።»

«ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልቅና?»

«እሱንማ አይቻለሁ። ወገብህን ነው ያልኩህ።»

ሁለቱንም ጭኖቹን ከወገቡ እስከ ጉልበቱ በቀርክሃ ደገፈለት፤ በጨርቅ ጠፈረው፤ ቋጠሮውንም በጀርባው በኩል አጠበቀው። ሊፈታው ሲል ሰውየው «ይቆይ! አስተሳሰሩ እንዳይጠፋኝ እንደታሰርኩ ልሂድ» አለ። ሚስቱ ደጅ ቆማ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። ሰውየው አንድ እግሩን ለማንሳት ገላውን እንዳለ ወደ ግራ ይጥላል፤ ሌላውን ለማንሳት እንዳለ ወደ ቀኝ ይጥላል። ዳሌው ስለተቆለፈ መቀመጫው እንዳለ ይወረወራል። እንዲህ ያለ ውዝዋዜ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ሽንኩርት ሻጮች ሽንኩርታቸውን ትተው ቆሙ።

«ኧረ እዩልኝ! ይሄ ምን ዓይነት ዳሌ ነው!» አለች አንዷ።

«ቀስ በል የኔ ሸጋ፣ መንገዱን ጠረግኸው!» አለች ሌላዋ።

ሚስቱ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። መንታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዱ ወደ ቤታቸው ይወስዳል፤ አንዱ ወደ አባቷ። ዞራ አየችው። ገበያው ሁሉ ሲስቅ እሷ ብቻ አልሳቀችም። «የደገስክልኝን አየሁት» አለችና ወደ አባቷ መንገድ ገባች።

«ቁሚ!» አለ። አልቆመችም። ሊሮጥ ቃጣ፤ ለመሮጥ ደግሞ ዳሌ ያስፈልጋል። እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀ። መነሣት አቃተው፤ እጁም ቋጠሮው ጋ አልደርስ አለው።

«ፍቱኝ! እባካችሁ ፍቱኝ!»

በዚያ አገር ግን ወጌሻ ያሰረውን ከወጌሻ በቀር የሚፈታ የለም፤ ሳይጠገን የተፈታ አጥንት ይጣመማልና።

«እኔ እኮ ደህና ነኝ! ምንም አልተሰበርኩም!»

«ስብራት ሲያቃዥ እንዲህ ያስብላል። አይዞህ» አሉና ጋቢ ደረቡለት።

ከሩቅ የመጣ አንድ መንገደኛም ቆም ብሎ «ምነው፣ ሬሳ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«አይ፣ ባል ነው።»

ሰውየው አንገቱን ከመሬት አንሥቶ ሚስቱን ያያት ነበር። ዳሌዋ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ለማንም አልነበረም። መሄዱ ነበር። ወጌሻው ተጠርቶ መጥቶ እስኪፈታው ድረስ እሷ ተራራውን ዞራለች። ኋላም ሽማግሌ ቢልክ አባቷ «በእግሯ መጥታለች፤ መመለስ ካማራት እግሯ አለላት» ብለው ሸኟቸው። አላማራትም።

እንግዲህ ሻረው፣ ያንተን ልመልስ። የተቆለፈ መጋጠሚያ አይወልቅም፤ ይህ እውነት ነው፤ ቀናተኛም አጥብቆ የያዘው ይህንኑ እውነት ነው። ብቻ የትም አያደርስም። ጭን ከዳሌ ጋር ዕድሜ ልኩን የሚኖረው ስለተጠፈረ አይደለም። ዋንጫው ጠልቆ ስለተቀበለው፣ ጅማቱም ሲዞር አብሮት ስለሚዞር ነው። ትዳርም እንዲሁ ነው። አንተ ዋንጫ ሁን ተብለህ ሄደህ ቀርክሃ ሆንክ። ቅናት ምልክት ነው ካልክም እሺ፣ ምልክት ይሁን፤ ቀርክሃም ምልክት ነው፤ የሚያመለክተው ግን ስብራትን ነው።

ይኸው አሁንም ፊቴ ተቀምጠህ ጆሮህ ደጅ ነው። ሚስትህ ከሴት ልጆቼ ጋር ትስቃለች፤ አንተም «በማን ይሆን የምትስቀው?» እያልክ ነው። ልገላግልህ፤ በአንተ ነው። ተነሥ፣ ገና እየሳቀች ሳለ ድረስባት።