ለዘቢደር አስታማሚ

የምትወዷትን ልጅ ጎድታችሁ፣ ከዚያ አጠገቧ ለመቀመጥ ተሻምታችሁ ታውቃላችሁ?

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ብርዳም ከተማ፣ ሙላቷ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ዘቢደርን ለዩኒፎርም ስትለካ፣ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው በሁለት ጣት ከፍ ብሎ አገኘችው። ሐኪሙ፣ «አከርካሪዋ እየተጣመመ ነው። አድጋ እስክትጨርስ ይህን የፕላስቲክ ደጋፊ ትልበስ። ስፖርትም ትሥራ፣ ይጠቅማታል» አለ።

ደጋፊውን በየጠዋቱ የሚያስርላት ታላቅ ወንድሟ አሰግድ ነበር። የሐኪሙን ቃል ሙሉውን ያመነ እሱ ብቻ ነው፤ «ካልለበስሽው ይብስብሻል» ይላት ነበር። እየተደበቀች ስታወልቅ ጊዜ ለክፍል ጓደኞቿ ደጋፊ መልበሷን ነገራቸው፤ «ካወለቀች ንገሩኝ» ብሎ። በማግስቱ ልጆቹ ደረቷን በእርሳስ እያንኳኩ፣ «ቤቶች! ሰው የለም?» አሏት። ብሞትም አልለብሰውም አለች።

እናቷ አላስገደደቻትም። «ተይው የኔ እናት፣ ማንም አያይብሽም» አለቻት። በግራ ትከሻዋ ጥጥ አስገብታ፣ የቀሚሱን ጠርዝ በአንድ በኩል አስረዝማ ሰፋችላት። በየዓመቱ ጥጡን ጨመረች። ሳቁ ቆመ፤ ጀርባዋን ያየላትም ጠፋ።

የስፖርት አስተማሪዋ መምህር ይርዳው ከሐኪሙ ቃል የያዘው ስፖርት የሚለውን ብቻ ነበር። «ሩጪ አንቺ! የሚሮጥ ጀርባ አይጣመምም» እያለ ሜዳ አወጣት። ሮጠች። በወረዳው ውድድር አንደኛ ስትወጣ፣ ሜዳሊያውን እያጠለቀላት፣ «ይቺ ናት በሽተኛ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ዘንድ የወሰዳት የለም።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ሕመሙ አላስቀምጥ ሲላት ሆስፒታል ወሰዷት። ቀዶ ሐኪሙ ራጁን አንሥቶ አየ። «ሩጫው ልብና ሳንባዋን አጠንክሮላታል፤ ቀዶ ጥገናውን የምትችለውም በሱ ነው። አጥንት ግን ሩጫ አያቀናም። ደጋፊው በጊዜው ቢለበስ ምናልባት መጣመሙን ባቆመው ነበር።» እግሯን ማንቀሳቀስ ተስኗት ልትነቃ እንደምትችልም አልደበቀም።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት፣ በተኛችበት ክፍል በር ላይ ነርሷ፣ «አስታማሚ አንድ ብቻ!» አለች። ሦስቱም ተነሡ።

«እውነቱን የነገርኳት እኔ ነኝ» አለ አሰግድ።

«ገበናዋን የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለች እናቷ።

«ዛሬ ከተረፈች በኔ ነው» አለ መምህሩ።

ዘቢደር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እስቲ ፍረዱ፤ ስትነቃ አጠገቧ መቀመጥ የሚገባው ማን ነው? ለፈለጋችሁት ፍረዱ። እኔ አንዳቸውንም ይቅር አልልም።