የአቶ ዘገየ ክራር

በአንድ ወቅት፣ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ በሚቆምባት አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፣ ዘገየ የሚባል ክራር መቺ ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ታላቁ ልየው፣ መካከለኛዋ እናኑ፣ ታናሹ ምንይችል። ሦስቱንም ክራር ያስተማራቸው እሱ ነው። ከሦስቱ ማን ይበልጥ እንደነበር የሰሟቸው ሰዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም። እኔ አልሰማኋቸውምና በዚህ አልፈርድም።

ዘገየ አጥናፉ ከሚባል ዘፋኝ ጋር የባህል ባንድ አቋቁሞ ሃያ ዓመት ያህል በየሠርጉ ዞረ። ከዚያ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ከእሱና ከክራሩ በቀር ያወቀ አልነበረም። አንድ እሑድ ግን፣ በአንድ የእህል ነጋዴ ሠርግ፣ ዳሱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ጣቱ ክሩን ሳተ። ቀጥሎም ሳተ። አጥናፉ ዘፈኑን አቋረጠና ማይክሮፎኑን እንደያዘ ወደ እሱ ዞረ።

«ጋሽ ዘገየ፣ ይኼ እጅ እኮ ለወንፊት ነው የሚሆነው! ጓዳ ይግቡና ዱቄት ይንፉልን!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አጥናፉ ክራሩን ከዘገየ ጭን ላይ አንስቶ ከዳሱ ምሰሶ ጋር አስደገፈው፤ በቦታው ሌላ ክራር መቺ አስቀመጠ። ዘገየ ክራሩን በነጠላው ጠቅልሎ በሰው መሀል አልፎ ወጣ። ሦስቱ ልጆቹ ዳሱ በር ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ምንይችል ያኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

ዘገየ ቤቱ ሲደርስ ክራሩን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለ። ከዚያ ልጆቹን ጠራ።

«ይህን ክራር የሠራው አባቴ ነው። ከእንግዲህ እኔም አልነካውም፣ እናንተም አትነኩትም። አጥናፉን በዳስ ውስጥ፣ በሰው ፊት ዝም ያሰኘ ልጄ ያውርደው። ለእሱ ይሁን።»

«በዱላም ይቻላል?» አለ ምንይችል።

«አይቻልም። እኔን በዱላ አልመታኝም።»

ቃሉ ይህ ብቻ ነው። ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች ሌላ ቃል ይጨምሩበታል፤ ኋላ የመጣው ክርክር በዚህ ቃል ላይ ስለሆነ እንዳለ መያዙ ይሻላል።

ዘፋኝን በዳስ ውስጥ ዝም ለማሰኘት አጠገቡ መቀመጥ ያስፈልጋል። አጠገቡ ለመቀመጥ ደግሞ ባንዱ ውስጥ መግባት። ሦስቱም ይህን ያህሉን አሰቡ። ክራሩ አንድ ስለሆነ ግን አልተመካከሩም፤ እያንዳንዱ መሣሪያውን ለብቻው መረጠ።

ልየው ክራርን መረጠ። «አባዬ የተዋረደው በክራር ነው፤ ክብሩ የሚመለሰውም በክራር ነው» አለ። ከዋንዛ እንጨትና ከፍየል ቆዳ የራሱን ክራር ሠራ። አራት ዓመት የአባቱን አመታት አጠና። አባቱ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ አንዴ ነካ አድርጎ የመተው ልማድ ነበረው፤ ልየው እሱንም ሳይቀር ወረሰ። ከዚያ አጥናፉ ዘንድ ሄደ። አጥናፉ ደጁ ላይ ጺሙን እየተላጨ ነበር። ሁለት ስንኝ ሰማና ምላጩን አወረደ።

«ይህን አውራ ጣት አውቀዋለሁ» አለ። «ሂድ የኔ ልጅ። ክራር ሞልቶናል። በዚህ ከተማ ትኋን እንኳ የክራር መቺን ያህል አልበዛም።»

ልየው በአካባቢው ያሉትን ሌሎች ባንዶችም ጠየቀ። አንዱ «ክራር አለን» አለው። ሌላው «ማሲንቆ ብትሆን ኖሮ ዛሬውኑ» አለው። ሦስተኛው በሩንም አልከፈተ። ልየው ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ከተሰቀለው ክራር ትይዩ ተቀምጦ፣ ለግድግዳው ይጫወት ጀመር። መሣሪያ ቀይር ያሉትን ሁሉ እምቢ አለ።

እናኑ ከመምረጧ በፊት ቆጠረች። ሦስት ሐሙስ ገበያ ወጥታ ስትጠይቅ አምስት ባንድ፣ አሥራ ዘጠኝ ክራር መቺ፣ ሁለት ዋሽንት ነፊ አገኘች። ከሁለቱ አንዱ ጥርሱ የረገፈ ነበር። ክራሯን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ወንዝ ማዶ ወዳለ ሽማግሌ ንብ አርቢ ሄደች፤ ዋሽንት ያስተማራት እሱ ነው። የሰፈሩ ሰዎች፣

«ሴት ልጅ ዋሽንት ስትነፋ አይተን አናውቅም» አሏት።

«ይኸው አያችሁ» አለች።

በአምስተኛው ዓመት የአጥናፉ ዋሽንት ነፊ ጥሎት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የአጥናፉ የታወቁ ዘፈኖች የሚጀምሩት በዋሽንት ነው። ሰው ልኮ እናኑን አስጠራት።

«የዘገየ ልጅ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«ቂም ይዘሽብኝ እንዳይሆን።»

«ቂም ይዤ ለዋሽንቱ የሚሆን ትንፋሽ ከየት አመጣለሁ፣ ጋሽ አጥናፉ?»

አጥናፉ ሳቀና አስገባት። እንደ ልየው ያላባረራት ስላመናት ነው የሚሉ አሉ፤ ዋሽንት ነፊ ስላጣ ነው የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

ምንይችል ከበሮን መረጠ። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ከበሮ መቺን ማን ያየዋል?» ብቻ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጺም ማብቀል ሲጀምር፣ ባንዱ በሚለማመድበት ግቢ ገብቶ መቺ ካጣው ከበሮ አጠገብ ተቀመጠ።

«ትችላለህ?» አለው አጥናፉ።

«እችላለሁ።»

«እስቲ ምታ።»

በዚያው ገባ። ልየው በአራት ዓመት ያላገኘውን፣ እናኑ አምስት ዓመት የጠበቀችውን፣ እሱ ከምሳ በፊት አገኘ። የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ስሙንም የጠየቀው የለም። አጥናፉ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ከበሮ» እያለ ጠራው። እናኑም ወንድሜ ነው ብላ አልተናገረችም። ከበሮው ግን ዋጋ አስከፈለው። መዳፉና የጣቶቹ ጫፍ እንደ ጫማ ቆዳ ደነደኑ፤ የክራር ክር ቢነካ የማይሰማው ሆነ።

አሁን ስለ ዋሽንት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚህ እናኑ ያደረገችው አይገባም። የክራርና የማሲንቆ ክር ይጠብቃል፣ ይላላል። ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ ዋሽንት ያለበት ባንድ በሙሉ የሚቃኘው በዋሽንቱ ነው፤ ዘፋኙም የሚዘፍነው ዋሽንቱ በሰጠው ከፍታ ነው። ዋሽንት ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ከፍታውም ይጨምራል። እናኑ በየወሩ አዲስ ዋሽንት ትሠራ ነበር፤ እያንዳንዱ ካለፈው በጥፍር ውፍረት ያጠረ። ክራሩም ማሲንቆውም ሳያስተውሉ ተከተሏት። አጥናፉም ተከተላት፤ ዘፈኖቹ በየወሩ የከበዱት መሰለው እንጂ ከፍ ማለታቸውን አላወቀም። ማር ላሰ፣ ዝንጅብል አኘከ፣ ጠበል ጠጣ።

አንድ ቀን ከሠርግ ሲመለሱ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «እናኑ፣ ጉሮሮዬ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለሰው እንዳትነግሪ።»

የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእሱና ከክራሩ በቀር ያወቀ እንዳልነበረ አስታወሰች። ከቦርሳዋ ቁራጭ ዝንጅብል አውጥታ ሰጠችው።

«ዕድሜ ነው፣ ጋሽ አጥናፉ» አለችው።

በስምንተኛው ዓመት ያ የእህል ነጋዴ የመጨረሻ ልጁን ዳረ። ዳሱ በዚያው ደጅ ላይ ተጣለ፤ የተጠራውም ያው የአጥናፉ ባንድ ነበር። ልየው እንደ ማንኛውም እንግዳ መጣ። ክራሩን ከጋቢው ሥር ይዞ ከኋላ ተቀመጠ።

ከምሳ በኋላ ዳሱ ሞቀ፣ የሙሽራዋ ወገን በሙሉ ተነሣ። በዚያ አገር ልማድ ሰው ቆሞ እየጨፈረ ዘፈን የሚያቋርጥ ዘፋኝ ሠርጉን እንደ ረገመ ይቆጠራል። ዘፋኝ የሚያርፈው ከበሮ ሲያርፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ፤ ምንይችል ግን አላረፈም። ከበሮውን ሳያቋርጥ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው። አጥናፉ በእጁ «ቀስ» አለው። ምንይችል አየውና አፈጠነው።

«አንተ ከበሮ! አትሰማም?»

እልልታው ዋጠው።

በአምስተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ እናኑ ከመቀነቷ እስከዚያ ቀን ያላወጣችውን አጭሩን ዋሽንት አወጣችና ነፋች። ክራሩና ማሲንቆው ክራቸውን እየጠመዘዙ ሮጠው ደረሱባት። አጥናፉ የመጀመሪያውን ስንኝ ወጣው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተረተረ። እንደገና ጀመረ፤ አየር ብቻ ወጣ። ምንይችል አሁን ከበሮውን ቀጥ አደረገው። ጭፈራው ቆመ፣ ሁሉም ወደ ዘፋኙ ዞረ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣

«አጥናፉ! ጉሮሮህ ወንፊት ሆነ እንዴ?» ብለው ጮኹ።

ዳሱ እንደ ድሮው በሳቅ ተናጋ።

አጥናፉ ግን ማይክሮፎኑን አልለቀቀም። «አንድ ጊዜ ታገሡኝ፣ ወገኖቼ» አለ በሻከረ ድምፅ፤ ውሃ ጠየቀ፣ ሳለ፣ ደግሞ ሊሞክር ቆመ። ያን ጊዜ ነው ልየው ክራሩን ከጋቢው ሥር ያወጣው። ያንኑ ዘፈን ከስምንት ዓመት በፊት በነበረው ዝቅ ባለ ከፍታ ጀመረ። አንድ ስንኝ መታና ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ ተወው። ሳቁ ቆመ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ በዚህ ይሞክሩት።»

እዚያ የነበሩ ሙዚቀኞች ሁሉ በዚህ ይስማማሉ፤ በዚያ ከፍታ ቢዘፍን ይወጣው ነበር። አጥናፉ አፉን ከፈተ። ዓይኑ የልየው አውራ ጣት ላይ ነበር። ከዚያ አፉን ዘጋ፣ ማይክሮፎኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ በሰው መሀል አልፎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲዘፍን የሰማው የለም። ዘፋኝ የሌለው ባንድም ወር ሳይሞላው ተበተነ፤ እናኑም ምንይችልም ባንድ አልባ ሆኑ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ከአባታቸው ፊት ቆሙ።

«ጉሮሮውን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለች እናኑ። «ዳሱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አልቆለት ነበር።»

«ያለቀ ጉሮሮ እንዴት አራት ዘፈን ይዘፍናል?» አለ ምንይችል። «ትንሽ ቢያርፍ ይመለስለት ነበር። ዕረፍት የነሳሁት እኔ ነኝ።» መዳፎቹን ዘረጋ። «ደግሞ ይህን እዩ።»

«ሁለታችሁም ስትጨርሱ አጥናፉ እንደቆመ ነበር» አለ ልየው። «ማይክሮፎኑን ያስቀመጠው የእኔን ክራር ሲሰማ ነው።»

«አንተማ ልታድነው ነው የሞከርከው!» አለች እናኑ።

«ወንድም ጋሼ ባንድ ሳይኖረው ሙዚቀኛ ሆነ» ብሎ ምንይችል ሳቀ።

«እናንተ ባንድ ያገኛችሁት ክራርን ትታችሁ ነው። አሁን ደግሞ ክራር ስጡን ትላላችሁ።»

ዘገየ እጁን አነሣና ዝም አሰኛቸው። «ልየው፣ እውነቱን ንገረኝ። ክራርህን ያወጣኸው ልታድነው ነው ወይስ ልትጨርሰው?»

«አባዬ፣ ሳወጣው ልጨርሰው ነበር። ‘ጋሽ አጥናፉ’ ብዬ ስጠራው አሳዘነኝ። ሲወጣ ሳየው ደግሞ ደስ አለኝ።»

ዘገየ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ እጁንም ወደ ክራሩ ዘረጋ። ጣቶቹ ሲያርፉበት፣ ከመንቀጥቀጣቸው የተነሣ ስምንት ዓመት ዝም ያሉት ክሮች በራሳቸው ጊዜ ጮኹ። እጁን ቶሎ መለሰ።

«ዝም ያሰኘው ያውርደው ነው ያልኩት» አለ። «እኔ ዳሱ ውስጥ አልነበርኩም። የሰማ ይፍረድ።» ብሎ ወደ ደጅ፣ ወደ ፀሐዩ ወጣ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ለእናኑ ልፈርድ ስል፣ የሰው ጉሮሮ ተሰብሮም አንደበቱ ሊቀጥል እንደሚችል አስባለሁ። ለምንይችል ልፈርድ ስል፣ በደነደነ ጣት ክራር ተቀብሎ ምን ያደርገዋል እላለሁ፤ ግን ጣቱ የደነደነውም ለዚሁ ክራር ነው። ለልየው ልፈርድ ስል ያ «አሳዘነኝ» ያለው ያግደኛል፤ ባላዘነለት ኖሮ አጥናፉ ዝም ይል እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ክራሩ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። እናንተ ሰምታችኋል፤ ማን ያውርደው?