ሞዴል አውሮፕላን የሠራው መካኒክ

አንድ የአውሮፕላን መካኒክ ነበረ። ወንድሜ ይርጋ፣ «በደሌን ለእግዚአብሔር ከተናገርኩ፣ ለበደልኩት ሰው ደግሞ ለምን እነግራለሁ?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው የእሱን ነገር የማነሣልህ።

ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ይጠግን ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ጉም ወርዶ ሳለ፣ አውሮፕላኑን በትራክተር ጎትቶ ካወጣ በኋላ ትራክተሩን ሲያዞር የጭራውን ጎን ገጨው። ትንሽ ስርጉዳት ነበረች፤ ለማንም ሳይናገር ቀረ። አውሮፕላኑም በረረ፣ በደኅናም ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ስርጉዳቷ ስትታይ ግን በሪፖርቱ ላይ «ከበረራ ሲመለስ ጭራው ተጎድቶ ተገኘ» ብሎ ጻፈ። በዚያው ቀን ቆርቆሮ ለጠፈበት። ጥድፊያ ነበርና ጠለቅ ብሎ ያየ የለም። አለቆቹ፣ አብራሪው ሲያርፍ ጭራውን መሬት አስነክቷል ብለው ከበረራ አገዱት። ጓደኞቹም «ሻምበል ጭራ» አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

መካኒኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጾመ፣ ሰገደ፣ አለቀሰ። ለአብራሪው ግን አልነገረውም።

በስተርጅናው፣ የጦር ክፍሉ ጓደኞች በየዓመቱ ለሚሰበሰቡበት አዳራሽ የዚያኑ አውሮፕላን ሞዴል እንዲሠራ ለመኑት። «ልክ እንደነበረ አድርገህ» አሉት። እጁ የተባረከ ሰው ነው። ከዋንዛ ጠረበው፤ አንዱን ሜትር ሁለት ሳንቲሜትር እያደረገ ከክንድ ያነሰ አድርጎ አወጣው። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። የችንካሮቹን ምልክት በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ወጋ። ቀለሙን አምስት ጊዜ በጠበጠ፤ የሚፈልገው ከፋብሪካ የወጣውን አረንጓዴ አልነበረም፣ ፀሐይ የበላውን ነው እንጂ። ከጭስ ማውጫው በስተኋላ ጥላሸት በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ሚስቱ አይታ፣ «ቤንዚን ብትጨምርበት ጣራዬን ይዞት ይሄዳል» አለችው።

የቀረው ያ ልጣፍ ቆርቆሮ ነበር። መሬት የነካ ጭራ የሚጎዳው ከሥር ነውና ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ከሥር ነው። ከሥር ቢያደርገው ሁለተኛ ውሸት ሊሆን ነው። ከጎን ቢያደርገው ደግሞ በጓደኞቹ ዘንድ ያለው መልካም ስም ያልቃል። ሦስት ሳምንት ጭራው ሳይቀባ ቆየ። እንደ ልማዱ ቆሞ «ይቅር በለኝ» ይላል፤ ጸሎቱን ጨርሶ ሲቀመጥ ያው ጭራ ፊቱ ነው። በመጨረሻ ልጣፉን ከጎን አደረገው። አጠገቡም እንደ ፀጉር በቀጠነች ብሩሽ የትራክተሩን ቢጫ ቀለም፣ ያኔ ማንም ልብ ያላላትን አንዲት ጭረት፣ ሳባት።

በስብሰባው ቀን ሁሉም ሞዴሉን ከበው አደነቁ። አንዱ፣ «ሻምበል ጭራ፣ ና ጠባሳህን ተመልከት» ሲል ተሳሳቁ። አብራሪው ለምዶታልና አብሯቸው ሳቀ። መነጽሩን አድርጎ ሞዴሉን ገለበጠው።

«ከሥሩ ንጹሕ ነው። ረሳኸው እንዴ?» አለው መካኒኩን።

«አልረሳሁም። ጎኑን እይ።»

አየ፤ በጣቱም ዳሰሰው። «ይቺ ቢጫ ምንድን ናት?»

«የትራክተሩ ናት። አንተ ለበረራ ሳትነሣ በፊት፣ ማለዳ የገጨሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አብራሪው ሞዴሉን እንደያዘ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እኔ እኮ» አለ፣ «በደንብ ያረፍኩ ነበር የሚመስለኝ። ሁላችሁም ስትሉኝ ጊዜ ግን የገዛ እጄን ተጠራጠርኩት። ከዚያ ወዲህ መኪና እንኳ ስነዳ እፈራለሁ።»

እንግዲህ ይርጋ፣ አንተም እንደዚያ መካኒክ ነህ። እግዚአብሔር እንባውን አልሰማም አልልህም፤ ድሮ ሰምቶታል። የዚያን ማለዳ ነገር እግዚአብሔር ያውቃል፣ መካኒኩም ያውቃል። የማያውቀው አብራሪው ነበር፤ ሸክሙን የተሸከመውም እሱ ነው። ያ ሽማግሌ በእጁ ጥበብ ይመሰገናል፤ እኔ ግን የማደንቀው ስሙን አሳልፎ መስጠቱን ነው። አንተም ጸልየህ ስትነሣ ቀለል ይልህ ይሆናል፤ የበደልከው ሰው ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ነው የሚኖረው። ይቅር ቢልህም ባይልህም ሂድና ንገረው። እውነቱ የእሱም ነው።