የይመኙሻል ቅል

ተረት ተረት።

— የላም በረት።

በረቱን ዝጉና ወደ እኔ ጠጋ በሉ። ዛሬ ከጎተራው ጫፍ ላይ ማን ዘሎ እንደወረደ አይቻለሁ። ስም አልጠራም። ያውላችሁ፣ ራሱ አቀረቀረ።

በድሮ ዘመን ይመኙሻል የምትባል ቅል ዘሪ ሴት ነበረች። የአገሩ ሰው ውሃ የሚቀዳው፣ ወተት የሚንጠው በእሷ ቅል ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆችም ነበሯት። ትልቁ አንዳርጌ፣ ትንሹ ደምለው ይባላሉ።

አንዳርጌ በገና ጨዋታ የሚያህለው አልነበረም። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ዱላ ይዘው ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ ሲያሳድዱ ይውላሉ። ታዲያ አንድ ዓመት ሩሯ መጣችና ግንባሩን አለችው። ወደቀ። የዚያ አገር ሰው ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። የተመታ ሰው ከተቀመጠ ፈሪ ይባላል። አንዳርጌም ዓይኑ እየዞረበት ተነሣና ተጫወተ። ከዚያም ሁለተኛ ተመታ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ላም ሊያልብ ይወጣና በሬው ሥር ቁጭ ይላል። አትሳቁ! እሺ፣ ለዚህስ ትንሽ ሳቁ። የወንድሙን ስም ሲረሳ ግን አያስቅም። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እናቱ ይህን እንዴት አድርጋ ትቻለው? እኔ ሳወራው እንኳ ሆዴ ይባባል።

ደምለው አደገና እኔም ገና እጫወታለሁ አለ። እናቱ ለመነች፣ ተቆጣች፤ መች ሰምቶ። ከዚያም ከጣራዋ ሥር አንድ የደረቀ ወፍራም ቅል አወረደች። ለሁለት ሰነጠቀችና ግማሹን በባዘቶ ጥጥ ጠቀጠቀችው። በልጇ ራስ ላይ ደፍታ በጠፍር አገጩ ሥር አሰረችለት።

፦ ይህን አድርገህ ሂድ። ከፈታኸው ግን እናቴ አትበለኝ።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ሰው በሳቅ ፈረሰ። የጨዋታው አባት አባ ጓንጉል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና፣ ልጅሽን ላኪ ብንላት ቅሏን ላከችብን አሉ። ደምለው አፈረ። ጠፍሩን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ዳር የተቀመጠውን ወንድሙን አየና ግን እጁን መለሰ። ከኋላው ተከትላው የመጣችው ይመኙሻል ምላሷ ስለት ነው፤ ሳቁ፣ ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል አለቻቸው።

ጨዋታው ጋለ። አቧራው ተነሣ። ከዚያም ሩሯ ተወነጨፈችና ቅሉን ቷ! አደረገችው። ቅሉ ለሁለት ተከፈለ። ደምለው ወደቀ። ያ ሁሉ ሳቅ ጸጥ አለ።

እናቱ ሮጣ ራሱን ብትዳብስ ደም የለም፣ ስንጥቅ የለም። ልጁም ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዓይኑ ግን ትንሽ ዞሮበታል፤ ደብቆት ነው እንጂ። አባ ጓንጉልም እንደ ልማዱ፣ ወንድ ልጅ ተመቶ አይቀመጥም፣ ተነሣ አሉት። ደምለው ዱላውን አነሣ።

ያን ጊዜ አንዳርጌ ከዳር ተነሥቶ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። የወንድሙን ዱላ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደ።

፦ ደምለው፣ ተቀመጥ። እኔ አልተቀመጥኩም።

ስሙን ጠራው። ሰማችሁኝ? ስሙን ጠራው። እናትየው እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች።

አባ ጓንጉል አንገታቸውን ደፉ። በዚያው ቦታ ልማዱን ሻሩት። የተመታ ሰው ይቀመጥ፤ ራሱ እስኪጠራለት፣ እናቱም እሺ እስክትል ዱላ አይንካ አሉ። ወንድማማቾቹ ዋርካው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አንዳርጌ ድፎ ዳቦ እየቆረሰ አጎረሰው። ለራሱ መጉረስ ረስቶ ነበርና ደምለውም መልሶ አጎረሰው።

ሲመሽ አባ ጓንጉል ግራ ቀኝ አይተው ወደ ይመኙሻል ጠጋ አሉ።

፦ የእኔ ራስ ትልቅ ነው። የሚበቃው ቅል ይኖርሽ ይሆን?

በዓመቱ ገና ሜዳው ቅል በቅል ሆነ። ባዶ ራሱን የመጣ ካለ፣ የሚሳቅበት እሱ ነው። ሩሯን ወርውሮ ጨዋታውን የሚያስጀምረውም አንዳርጌ ሆነ፤ ቅል ደፍቶ።

እንግዲህ ቅል ይበቅላል፣ ራስ ግን አይበቅልም። ሰማህ፣ አንተ የጎተራው?

ተረቴን መልሱ፣ ራሳችሁን ዳብሱ፣ አፌንም ዳቦ አትንሱ። ዳቦ ነው ያልኩት፤ ቆሎውን ጥርስ ላለው ስጡ።