ባለወፍጮው የፈጠረው ቋንቋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለወፍጮ ነበረ፤ ቋንቋ ፈጠረ።

የኔታ ወልደሰንበት ታሪኩን የጀመሩት እንዲህ ነው። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት ወይዘሮ ጥሩአየር ደጃፋቸው መጥታ ነበር። «የኔታ፣ ከእህቴ ጋር በድንበር ስንከራከር ልጄ በሽማግሌ ፊት ተቃወመችኝ» አለቻቸው። «ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። ቅዳሜ ትመረቃለች፤ አልሄድም ብያለሁ። ብቻዬን ያሳደግኋት ልጅ እንዴት እንዲህ ትሆናለች? ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

የኔታ እንዳወሩላት፣ ይህ ባለወፍጮ ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት ሲውል የሰው ንግግር አይሰማውም ነበር። የወፍጮው ጩኸት «ሀ»ን ይበላል፣ «ሰ»ን ይበላል፣ «ፈ»ን ይበላል። «ጤፍ ነው ስንዴ?» ብሎ ቢጮኽ መልሱ አይደርሰውም። ስለዚህ ወፍጮው የማይበላቸውን ድምፆች መረጠ። «ቀ»ን፣ «ጠ»ን እና «ጨ»ን ያዘ፤ የምላስ ጠቅታ ጨመረበት። ቀጥሎ ሰዋስው አወጣለት። ማን እንዳደረገው ከመታወቁ በፊት ምን እንደተደረገ ይታወቅ ብሎ አድራጊውን መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። ያለፈ ነገር ሁሉ በአጭር ፉጨት ይዘጋል፤ ፉጨት የሌለበት ነገር ገና አልሆነም ማለት ነው። ለእህል ዘጠኝ ስም፣ ለዝምታ ሦስት ስም ሰጠ። ለውሸት ግን ስም አላበጀም። ሁሉንም በአንድ ወፍራም ደብተር ጻፈው። ሰባት ዓመት ፈጀበት።

ቋንቋው ያምር ነበር፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። ሰውየው ጠዋት ወፍጮ ቤቱን ሲከፍት «እንዴት አደርክ» ይላል፤ «ደህና» ብሎ የሚመልሰውም ራሱ ነው። ከመሞቱ በፊት አንድ ሰው በዚህ ቋንቋ አንድ ነገር እንዲለው ብቻ ይመኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት አስተማሪ «ያስተምሩኝ» ብሎ መጣ። ባለወፍጮው ደስ አለው፤ ማስተማር ግን አልቻለም። ፉጨትህ ረዘመ ይለዋል። ጠቅታህ ላላ ይለዋል። «እንደሱ አይባልም፤ እንደገና» ይለዋል። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪው ቀረ። ሰውየውም ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ «ከሚበላሽ ከኔ ጋር ይቀበር» አለ።

ይሁን እንጂ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ አይዘጋም። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ እህል ሲያፈስ፣ ዱቄት ሲያስር፣ የሚሠራውን ሁሉ በዚያ ቋንቋ ለራሱ ይናገራል። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች መጀመሪያ ሳቁበት። «እንደ ልጆች የወፍ ቋንቋ ነው እንዴ የሚያወራው?» ተባባሉ። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ይሰለቻል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ወሬ የሚያደርስ ይህ ቋንቋ ብቻ መሆኑን ሲያዩ ቀስ በቀስ ለቀሙት። እሱ ጆሮው በጥጥ ስለ ተደፈነ አላወቀም።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀጥ አለ። ሰውየው ጥጡን ከጆሮው ሲያወጣ፣ ከወረፋው መካከል በገዛ ቋንቋው ሲወራ ሰማ። አንዲት ጉልት ቸርቻሪ ለጎረቤቷ ስለ እሱ እያወራች ነበር።

«ዛሬም ጢሙን አላራገፈም» አለች። «ቢያራግፈው ለአንድ ቤት ቂጣ ይበቃ ነበር።»

ያለፈውን ነገር ለመዝጋትም አላፏጨችም። ሴት ልጅ ስታፏጭ ነውር ነው ይባላል፤ ስለዚህ በፉጨቱ ፋንታ የዱቄት ጣሳዋን በጣቷ ቋ አደረገችው። ሰውየው ሰባት ዓመት ሲያስብ ይህን አላሰበውም ነበር። ግማሹ አገር ሳያፍር ሊናገረው የማይችል ቋንቋ ነበር የሠራው።

ሴቲቱ ቀና ስትል አየችው። «ኧረ አፈር በበላሁ!» አለች በአማርኛ፣ አፏን ይዛ።

ሰውየው «እንደሱ አይባልም» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ከዚያ አፉን መልሶ ገጠመና ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ ጣሳ አነሣ። «ለራቴ አስቀምጬው ነው» አለ በዚያው ቋንቋ። ሲጨርስ አላፏጨም። ጣሳውን በጣቱ ቋ አደረገው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴቲቱ መልስ ሰጠችው፤ ሌላዋም ጨመረችበት። ባለወፍጮው ከነዱቄቱ መንገድ ላይ ወጣ። ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ «ታማሁ! በገዛ ቋንቋዬ ታማሁ!» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገር ጀመር።

የኔታ ይህን ተናግረው ወደ ጥሩአየር ዞሩ። «ልጅሽ ምን ነበር ያለችሽ?»

«‹እማዬ፣ ድንበሩ ከግራሩ ወዲህ ነው፤ መሬቱ የአክስቴ ነው› ነው ያለችኝ። ያ ሁሉ ሰው ፊት!»

«ድንበሩስ የት ነው?»

ጥሩአየር የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ከግራሩ ወዲህ ነው» አለች።

«እንግዲህ ባለወፍጮው አንቺ ነሽ» አሏት። «ሰው ፈርተሽ እውነት እንዳትደብቂ እያልሽ ስትቆጪያት እዚሁ ደጃፍ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼሻለሁ። ሃያ ዓመት የደከምሽበት ቋንቋ እሱ ነው። አንቺ ብትሆኚ ለብቻ ጠርተሽ ትነግሪ ነበር፤ እሷ አደባባይ ላይ ተናገረችው። አንቺ ታፏጫለሽ፣ እሷ ጣሳ ትመታለች። ቋንቋው ግን ያንቺው ነው። ሌላ ሰው መልሶ ለሠሪው እስኪናገረው ድረስ ደብተር ላይ ያለ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ አሁን ነው የተወለደው። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ አልሽኝ፤ እዚህ ላይስ አልተሳሳትሽም። በይ ንገሪኝ፣ ቅዳሜ የት ልትቀመጪ ነው?»

ጥሩአየር ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች።

«ከፊት ነዋ፣ የኔታ! ማን እንዳሳደጋት ይዩ እንጂ። መጀመሪያ ግን እህቴ ቤት ልድረስ።»