ሳሙና ካልመጣ ግልገል አይነካም

ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ እናንተም የላም በረት በሉኝ። ግን ዘላችሁ በረቱ ውስጥ እንዳትገቡ፤ መጀመሪያ እጃችሁን አሳዩኝ።

አይናዲስ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። የፈለገችውም ትንሽ ነገር ነበር፦ ጣቷን ወተት ውስጥ ነክራ ግልገሉን ማጥባት። ፍየሊቱ መንታ ወልዳ አንዱን ታጠባለች፣ አንዱን በቀንዷ ትገፋለች። የተገፋው ግልገል ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ሳይቀምስ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል። የአይናዲስ እናት፣ እናኑ፣ ወተቱን ከፍየሊቱ በጣሳ አልባ በራሷ ጣት ሞከረችው። የእናኑ ጣት ግን ጣት አይባልም፣ ዘነዘና ነው፤ ግልገሉ አፉን ግጥም አደረገ። በማንኪያ ሞከረች፤ ወተቱ በደረቱ ፈሰሰ። የአይናዲስ ጣት ግን ልክ የፍየል ጡት ታክላለች። ይህን ግልገሉም ሳያውቅ አይቀርም፤ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ወደ ጣቷ ያንጋጥጣል።

«እማ፣ እኔ ላጥባው።»

«ሳሙና አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አትነኪውም!»

እናኑ ክፉ ሆና አይደለም፣ ፈርታ ነው። ባለፈው ክረምት አይናዲስ ከጫጩቶች ጋር ስትጫወት ውላ፣ በዚያው እጇ ታናሽ ወንድሟን ምህረቱን ዳቦ አጎረሰችው። ምህረቱ ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት አለቀ ተባለ፤ እናኑ አዝላው እያለቀሰች ጤና ጣቢያ ሮጠች። እግዜር ይመስገን ዳነ። ከዚያ ወዲህ ግን «ሳሙና ፊቴ ካልተቀመጠ በዚህ ቤት ልጅ እንስሳ አይነካም» ብላ ማለች፤ አይናዲስም ቃል ገባች። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው። ሳሙናውማ ጠዋት መታጠቢያው ድንጋይ ላይ ነበር፤ ቁራ ሞራ መስሎት ይዞት በረረ እንጂ።

አይናዲስ ምንም እንዳትነካ እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ቁራው ካረፈበት ዋንዛ ሥር ቆመች።

«አያ ቁራ፣ ሳሙናዬን መልስልኝ።»

«ብመልስልሽ ምን ልበላ ነው?» አለ ቁራ፤ ሲናገር ከአፉ አረፋ ይወጣል። «ነክሼው ጉድ ሆኛለሁ። እንቁላል ካላመጣሽልኝ አልመልስም።»

ግልገል ጣቴን ካልጠባ አያድርም፤ እማ ሳሙና ካላየች ግልገል አታስነካኝም፤ ቁራ እንቁላል ካላገኘ ሳሙና አይመልስም። እንግዲህ ዶሮን ልለምን፣ ብላ ሄደች።

ገብስማዋ ዶሮ አቧራ ውስጥ ትንከባለላለች።

«እመት ዶሮ፣ አንድ እንቁላል ጣይልኝ።»

«በባዶ ሆዴ? እንቁላል ከሰማይ ይወርዳል ያለሽ ማነው? ማሽላ ካልለቀምኩ አልጥልም።»

ግልገል ጣቴን ካልጠባ አያድርም፤ እማ ሳሙና ካላየች ግልገል አታስነካኝም፤ ቁራ እንቁላል ካላገኘ ሳሙና አይመልስም፤ ዶሮ ማሽላ ካልለቀመች እንቁላል አትጥልም። ማሽላው ጎተራ ውስጥ ነው። የጎተራው ክዳን ላይ ደግሞ ድመት ተዘርግታለች፤ አንስቶ ማውረድ እንዳይቻል ድመትም እንስሳ ናት።

«እመት ድመት፣ እባክሽ ከክዳኑ ውረጂልኝ።»

ድመት አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች። «ሌሊቱን አይጥ ሳሳድድ ያደርኩት ለማን ብዬ ነው? ወተት ካልላስኩ አልወርድም።»

ግልገል ጣቴን ካልጠባ አያድርም፤ እማ ሳሙና ካላየች ግልገል አታስነካኝም፤ ቁራ እንቁላል ካላገኘ ሳሙና አይመልስም፤ ዶሮ ማሽላ ካልለቀመች እንቁላል አትጥልም፤ ድመት ወተት ካልላሰች ከጎተራ አትወርድም። የቀረችው ላም ናት።

«እመት ላም፣ ለድመት የምትሆን ወተት ስጪኝ።»

ላሚቱ እያመሰኳች አየቻት። «የኔ ልጅ፣ በደረቅ ልመና ወተት የምትሰጥ ላም የት አይተሻል? ጥጃዬ መጥቶ ጡቴን ጎሸም ጎሸም ካላደረገኝ አልለቅም።»

ጥጃው አጥሩ ጥግ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ጠራችው፣ አልዞረም። ዞራ በፊቱ መጣች፤ አሁንም ፊቱን አዞረ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አኩርፌ ነዋ!» አለ ጥጃ። «ድሮ አንገቴን ታኪልኝ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ሳሙና እያለም እጅሽን ደብቀሽ ከሩቅ ታይኛለሽ፤ ምን በደልኩሽ? አንገቴን ካላከክሽልኝ ንቅንቅ አልልም። እከኪልኝና ልሂድልሽ።»

አይናዲስ እንባዋ መጣ። ግቢው ውስጥ የሚያያት ሰው አልነበረም፤ አንድ ጊዜ እከክ አድርጋው ዝም ብትል ማን ያውቃል? ያ በእናቷ ጀርባ ላይ ጭንቅላቱ እየወደቀ የሄደው ምህረቱ ግን ትዝ አላት። ወንድሟን ትወደዋለች፤ ግልገሉንም ትወደዋለች። እያለቀሰች ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማ! ግልገል ጣቴን ካልጠባ አያድርም፤ አንቺ ሳሙና ካላየሽ ግልገል አታስነኪኝም፤ ቁራ እንቁላል ካላገኘ ሳሙና አይመልስም፤ ዶሮ ማሽላ ካልለቀመች እንቁላል አትጥልም፤ ድመት ወተት ካልላሰች ከጎተራ አትወርድም፤ ላም ጥጃ ካልጎሸማት ወተት አትለቅም፤ ጥጃ አንገቱ ካልታከከ ወደ ላም አይሄድም፤ እኔ ደግሞ ሳሙና ካልመጣ ጥጃ አልነካም! ሳሙናው ያለው ቁራ ጋ ነው!»

እናኑ መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ወደ ጥጉ ዞር ስትል ግልገሉ መንቀጥቀጡን ትቶ ዓይኑን ሊከድን ነው። ሳቋ ጠፋ።

«ይህን ቋጠሮ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስሚኝ ልጄ። ወንድምሽን ያሳመመው ጫጩት መንካትሽ አልነበረም፤ የነካሽበትን እጅ ሳትታጠቢ አፉ ውስጥ መክተትሽ ነው። እኔ ደንግጬ ሁሉንም ከለከልኩሽ። በይ ሂጂ፣ እከኪለት። ግን ያን እጅሽን እስክትታጠቢ ወደ አፍሽም፣ ወደ ወንድምሽም፣ ወደ ግልገሉም አፍ እንዳታደርሺ፤ እሱም ገና ሕፃን ነው!»

«አፍንጫዬን ቢበላኝስ?»

«ይብላሽ!»

አይናዲስ ጥጃውን አንገቱን አከከችው። ጥጃው አንገቱን ቀና፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጠገበና ወደ እናቱ ፈነጨ። ጥጃ ላሟን ጎሸማት፣ ላም ወተት ለቀቀች፤ እናኑ አለበች፣ ድመት ላሰች፤ ድመት ከክዳኑ ወረደች፣ እናኑ ማሽላ በተነች፤ ዶሮ ለቀመች፣ ዶሮ እንቁላል ጣለች፣ ጣልኩ ብላም ሰፈሩን በጩኸት አመሰችው። ይህ ሁሉ ሲሆን አይናዲስ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ትከተላለች፤ አፍንጫዋን ደግሞ በላት ቢባል አይገልጸውም። እናኑ እንቁላሉን ድንጋዩ ላይ አኖረች። ቁራ ወርዶ እንቁላሉን ወሰደ፣ ሳሙናውን ትቶ ሄደ። ግማሹ ተነክሷል፤ ግማሹ ግን ይበቃል።

አይናዲስ ታጠበች። መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ በጣቶቿ መሀል፣ ጥፍሮቿን። ታጥባ እንደጨረሰችም ከሁሉ አስቀድማ አፍንጫዋን አከከች፤ ከዚያ ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነክራ ወደ ግልገሉ አፍ አስጠጋች።

ግልገሉ አሸተተ። አፉን ግን አልከፈተም። እናኑ ትንፋሿን ዋጠች።

ከዚያ ጠባ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያማ ጣቷን ሊውጣት ምንም አልቀረው፤ ጭራው መርገብገብ ጀመረ። አይናዲስ በደስታ ትስቃለች፤ እናኑ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ጣሳው ባዶ ሆነ፤ ግልገሉ በእግሩ ቆመ፤ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም።

ይህን ጊዜ ምህረቱ ከቤት ዱብ ዱብ እያለ መጣ። ወተት የሚንጠባጠብባትን የእህቱን ጣት ሲያይ «እኔም!» ብሎ አፉን ከፈተ። እናኑ ልትጮህ ተነሳች።

«ቆይ ምሄ» አለች አይናዲስ፤ ማንም ሳይነግራት፣ «መጀመሪያ ልታጠብ።»

እናኑ ጩኸቷን መልሳ ዋጠችና ባለችበት ቁጭ አለች። ከክረምቱ ወዲህ እንዲህ ተመችቷት ተቀምጣ አታውቅም።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦ የምታጎርሱኝ ካላችሁ አፌ ክፍት ነው፤ ግን እጃችሁን ታጥባችሁ።