የእንቁራሪቷ ድርሻ

ተረት ላምጣ? አምጪ በሉኝ! ያጫወተችኝ የወፍጮ ቤቷ እታፈራሁ ናት፤ ወሬ ከያዘች እህል ትረሳለች።

ጃርት «እዚህ ሥር ወርቅ አለ፤ ስቆፍር ቀልቡኝ፣ ሲወጣ እንካፈላለን» አለ። አህያ ለዓመት ያስቀመጠውን ገብስ አመጣ። ኩሬዋ የደረቀባት እንቁራሪት ግን የምትሰጠው ስላልነበራት «እየዘፈንኩ አበረታታሃለሁ፤ ድርሻዬ ጉድጓዱ ይሁን» አለች። ጃርትም እሺ አላት።

አህያ ሳቀባት። «አንቺ ሞኝ፣ ጉድጓድ ይበላል?»

«ጋሼ አህያ፣ ወርቅስ ይጠጣል?»

ጃርት ገብሱ እስኪያልቅ ቆፈረ፤ ወርቅ የለም። «ከወንዙ ማዶ ግን አለ፣ ሸቶኛል» ብሎ ሆዱን እየጎተተ ሄደ። ክረምት ገባ፤ ጉድጓዱ ጢም ብሎ ሞላ።

ጃርት ማዶ እየቆፈረ ነው፤ አሁን በቅሎ ትቀልበዋለች። እንቁራሪት ከነልጆቿ እየዘፈነች ትዋኛለች። አህያም ሲጠማው እሷን አስፈቅዶ ይጠጣል።